ጎንደር ውስጥ በብሔር፣ በዘር ወይም በቆዳ ቀለም ምክንያት ሥራዎ ላይ አድልዎ ከተፈጸመብዎ መብትዎን እንዴት ያስከብራሉ?

አንድ አሠሪ በብሔርዎ ወይም በቆዳዎ ቀለም ምክንያት ሲያሰናብትዎ ምክንያቱን ደብዳቤው ላይ አያሰፍረውም። «የሥራ አፈጻጸም ማነስ»፣ «የመዋቅር ለውጥ»፣ «ከባልደረቦች ጋር ተግባብቶ አለመሥራት» ብሎ ይጽፋል። አንዳንዱ ደግሞ «ጊዜው ጥሩ አይደለም፣ ለራስህ ደኅንነት ብለን ነው» ብሎ በቃል ይሸኛል። ሕጉ እንዲህ ያለውን ሥራ አጥብቆ ይከለክላል። ብዙው ሰው ግን መብቱን የሚያጣው ቀን ስላለፈበት፣ ወረቀት ስላልያዘ ወይም ተናዶ ሳያነብ ስለፈረመ ነው። ከዚህ በታች ያለው በአዘዞም ይሁን በፒያሳ፣ በሆቴልም ይሁን በፋብሪካ ለሚሠራ ሰው ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፍርድ አፈጻጸም ያለውን መንገድ ያሳያል።

ሕጉ ምን ይላል

መሠረቱ ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጎ በዘር፣ በብሔር ብሔረሰብ፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ፣ በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በሀብት፣ በትውልድ ወይም በሌላ አቋም ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል። አንቀጽ 41 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ሥፍራ ሠርቶ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። «የዚህ አገር ሰው አይደለህም» የሚለው አነጋገር ጎንደር ውስጥ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

የዕለት ተዕለት መሣሪያዎ ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ሁለት አንቀጾቹን በቃልዎ ይያዙ። አንቀጽ 14 አሠሪው ወይም የሥራ መሪው በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሰል ሁኔታዎች በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ይህ ደመወዝን፣ ፈረቃን፣ ዕድገትን፣ ሥልጠናን፣ ዝውውርን ሁሉ ይሸፍናል። አንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት የማይሆኑትን ይዘረዝራል። ከእነሱ መካከል ብሔር፣ ዘር፣ ቀለም፣ የዘር ሐረግ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከትና ማኅበራዊ አቋም ይገኛሉ። እዚያው ላይ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብም ሆነ በክስ ተካፋይ መሆን ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን ተጽፏል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከእርስዎ ሌላ ባልደረቦችዎንም ይጠብቃል። ምስክር እንዲሆንልዎ የሚለምኑት ሰው «እኔም እባረራለሁ» ሲልዎ ይህን አንቀጽ ያሳዩት።

ከእነዚህ በተጨማሪ ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ስለሆኑ በክስዎ ላይ ሊጠቅሱት ይችላሉ። ጥቅሙ «ማኅበራዊ አመጣጥ» የሚለውን በግልጽ ማካተቱና ቅጥርን ጭምር መሸፈኑ ነው።

ይህ ለጎንደር ቀላል ነገር አይደለም። ቅማንት፣ አገው፣ ትግራዋይ፣ ኦሮሞ ወይም ጉሙዝ በመሆኑ ልዩነት የተደረገበት ሰው አቤቱታውን በ«ብሔር» ሥር ያቀርባል። ቆዳው ጠቁሮ «ባሪያ» ወይም «ሻንቅላ» እየተባለ ከእንግዳ ፊት ወደ ጓዳ የተገፋው በ«ቀለም» እና በ«ዘር» ሥር ነው። ቤተሰቡ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ ወይም ሸማኔ በመሆኑ «ቡዳ» ተብሎ ምግብ እንዳይነካ የተደረገው ደግሞ በ«ማኅበራዊ አቋም» እና በ«የዘር ሐረግ» ሥር ነው። ይህ ሦስተኛው በአካባቢያችን ከሁሉም የከፋ ይመስለናል፤ ብዙዎች እንደ ልማድ እንጂ እንደ ሕግ ጥሰት ስለማያዩት አቤት የሚል አይገኝም። ትክክለኛውን ቃል መምረጥ ያስፈልጋል፤ የተሳሳተ መደብ ይዞ የቀረበ ክስ በመልሱ ላይ በቀላሉ ይመታል። ሁለት ምክንያቶች ከተደራረቡ ሁለቱንም ይጻፉ።

መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚገዛዎ ይለዩ

በሆቴል፣ በፋብሪካ፣ በግል ትምህርት ቤት፣ በግል ክሊኒክ፣ በባንክ፣ በግንባታ፣ በመተማ የሰሊጥ እርሻ የሚሠራ ሰው በአዋጅ 1156 ይገዛል። የቀን ሠራተኛም፣ ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረም እንዲሁ። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም ለውጥ የለውም፤ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት ነበረበት፣ አለመስጠቱ የእርስዎን መብት አያስቀርም።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ መንገዱ ሌላ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ የፌዴራል ተቋም በመሆናቸው የአስተዳደር ሠራተኞቻቸው በፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይተዳደራሉ። የከተማው መምሪያዎች፣ ጤና ጣቢያዎችና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሠራተኞች ደግሞ በክልሉ አዋጅ። በሁለቱም መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ አጣሪ ኮሚቴ ይቀርባል፤ ከዚያ ይግባኙ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቀነ ገደቡ በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰዎ ሳምንት የሰው ሀብት ክፍሉን ደንቡን ጠይቀው ያንብቡ። በስህተት ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሄደው «ሥልጣን የለኝም» የተባሉ ሰዎች ሲመለሱ ያኛው በር ተዘግቶ ይቆያቸዋል።

የቤት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች ከአዋጅ 1156 ውጭ ናቸው፤ የሚገዙት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ልብ ይበሉ፤ «ሱፐርቫይዘር» ወይም «ኃላፊ» የሚል መጠሪያ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። መቅጠር፣ ማሰናበት፣ መመደብ የመሳሰለ ሥልጣን በእጅዎ ካልነበረ ሠራተኛ ነዎት። አሠሪዎች ይህን መቃወሚያ ደጋግመው ያነሡታልና የሥራ ዝርዝርዎን ቅጂ ያዘጋጁ።

ሁሉም ልዩነት አድልዎ አይደለም

ሥራው በባሕርይው የሚጠይቀውን ችሎታ መጠየቅ ይቻላል። ፋሲል ግቢ ጎብኚ የሚያስጎበኝ ሰው የጎብኚውን ቋንቋ እንዲችል፣ ደንበኛ ተቀባይዋ አማርኛ እንድትናገር መጠየቅ ሕጋዊ ነው። «አነጋገርሽ የእዚያ አገር ሰው ይመስላል» ብሎ ከእንግዳ መቀበያ ማንሣት ግን የቋንቋ ችሎታ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

በተዘዋዋሪ የሚደረገውም አለ። «ዋስ የሚሆነው ሰው የከተማው ተወላጅ መሆን አለበት»፣ «የተወለድክበትን ቀበሌ የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ»፣ «መልከ መልካም፣ ቀላ ያለች» የሚሉ መስፈርቶች ብሔርንም ቀለምንም በጎን በር ያስገባሉ። በገንዘብ ያዥነት ዋስ መጠየቅ ያስኬዳል፤ የዋሱ ትውልድ ግን ከገንዘቡ ደኅንነት ጋር አይገናኝም። መታወቂያ ሲጠየቁ ፋይዳን ያቅርቡ፤ ፋይዳ ላይ ብሔር የሚባል መረጃ የለም።

ማስታወሻ ደብተር ይክፈቱ

በደሉ በጀመረ ቀን አንድ ደብተር ይግዙ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ግን ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። አጻጻፉ እንዲህ ይሁን፦

«ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40። ወጥ ቤት በር ላይ። የፈረቃ ኃላፊው ‹አንተ ዛሬም ዕቃ ማጠቢያ ነህ፣ የእናንተ ሰው እንግዳ ፊት አይቆምም› አለኝ። አብረውኝ የነበሩት ሁለት አስተናጋጆችና አንዲት ወጥ ሠሪ ናቸው። የፈረቃ ሠሌዳው ላይ ስሜ አዳራሽ ነበር፤ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ሠሌዳውን ፎቶ አነሣሁ።»

ቃሉን እንደተባለ፣ ሳያሳምሩ ይጻፉ። «ሰደበኝ» የሚለው ምንም አያስረዳም፤ ዳኛው የሚፈልገው የተባለውን ቃል ነው። የምስክሮቹን ሙሉ ስምና ስልክ በሌላ ገጽ ይያዙ፤ ከስድስት ወር በኋላ ግማሾቹ ሥራ ለቀው ይሆናል። እንዲያውም የለቀቀ ሠራተኛ የተሻለ ምስክር ነው፤ የሚፈራው ነገር የለም።

የቴሌግራም ቡድን ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ስክሪንሾቱ የላኪውን ስም፣ ቀኑንና ከላይና ከታች ያሉትን መልእክቶች እንዲያሳይ አድርገው ያንሡ። ከቡድኑ አይውጡ፣ ስልኩንም አይቀይሩ፤ ሌላው ወገን «የተቀነባበረ ነው» ሲል ዋናው ስልክ ላይ ማሳየት ይኖርብዎታል። ድምፅ በድብቅ መቅዳት ግን ራሱን የቻለ ክርክር ስለሚያመጣ ክስዎን እዚያ ላይ አይመሥርቱ።

ትልቁ ማስረጃ ንጽጽር ነው። አድልዎ የሚታየው ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው። ሥራው ተመሳሳይ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ተቀራራቢ፣ ጥፋቱም አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ብሔር ያለው ባልደረባ ይፈልጉ። እሱ ሲያረፍድ በቃል ተመክሮ እርስዎ ሲያረፍዱ ከተሰናበቱ፣ ያ ልዩነት ከአሥር ስድብ ይበልጣል። በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሠርተው «ምን ሆነ፣ በእኔ ላይ የተወሰደው እርምጃ፣ በእሱ ላይ የተወሰደው» ብለው ይሙሉ። የባልደረባዎ ሰነድ እጅዎ ላይ ባይኖርም ግድ የለም፤ ፍርድ ቤቱ አሠሪውን እንዲያቀርብ እንዲያዘው መጠየቅ ይችላሉ።

ሥራ ላይ እያሉ ቅሬታ ማቅረብ

የቃል ቅሬታ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ተቀባዩ ፈርሞ ቀን ይጻፍበት፣ ቢቻል ማኅተም ይምታበት። አልቀበልም ካሉ ሁለት ሰዎች ባሉበት ያስረክቡና ስማቸውን ይመዝግቡ፣ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩ። ደብዳቤው ላይ ድርጊቱን ከነቀኑ፣ የአዋጁን አንቀጽ 14ን እና የሚፈልጉትን መፍትሔ ብቻ ይጻፉ። ስድብ በስድብ አይመልሱ፤ ያ ደብዳቤ አንድ ቀን ዳኛ ፊት ይነበባል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ቅጂ ይስጡ።

ይህ ደብዳቤ ጋሻ ነው። ደብዳቤውን ባስገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካሰናበቱዎ፣ የስንብቱ ምክንያት ቅሬታዎ ነው ብሎ ለመከራከር ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ቀጥሎ ያለው በር የከተማው ሥራና ሥልጠና መምሪያ ነው። እዚያ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ ሰዉ ኢንስፔክተር ይላቸዋል። በሥራ ሰዓት ቀድመው ሳያሳውቁ ወደ ድርጅቱ ገብተው መዝገብ ማየት ይችላሉ፤ አቤቱታውን ማን እንዳመጣ ለአሠሪው የመግለጥ መብትም የላቸውም። ስምዎ እንዳይወጣ ከፈለጉ ይህንኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። ለደመወዝ፣ ለፈረቃና ለዕድገት አቤቱታ ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ከክስ ይፈጥናል። ለስንብት ግን በሽምግልና ሲመላለሱ ቀኑ ሊያልፍብዎ ይችላል።

የስንብት ደብዳቤውን መስመር በመስመር ያንብቡ

ደብዳቤው ሲሰጥዎ ለመቀበልዎ መፈረም ችግር የለውም። ከፊርማዎ አጠገብ በእጅ ጽሑፍ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም» ብለው ቀኑን ይጻፉ። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀንና እርስዎ የተቀበሉበት ቀን ከተለያየ፣ ትክክለኛውን እዚያው ያስፍሩ።

ከዚያ ተቀምጠው ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ምክንያቱ ተጽፏል? አሠሪው ውል ሲያቋርጥ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል? ከሙከራ ጊዜ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር ነው። ሦስተኛ፣ ያለማስጠንቀቂያ ካሰናበተ ጥፋቱን ያወቀው መቼ ነው? ምክንያቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ቀሪ ይሆናል። ባለፈው ዓመት የተፈጸመ ጥፋት ዛሬ ከመሳቢያ ከወጣ፣ እውነተኛው ምክንያት ሌላ መሆኑን ያሳያል።

በተጻፈው ምክንያት ላይ መከራከር ከብሔር ክርክሩ ያነሰ አይደለም። ያሰናበተበትን ምክንያት ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። «የአፈጻጸም ማነስ» ካለ፣ ያለፉት የአፈጻጸም ምዘና ውጤቶችዎ የት አሉ? «ቅነሳ» ካለ ደግሞ አዋጁ የሚጠይቀው ምክክር መደረጉን፣ ከዚያም በክህሎትና በምርታማነት እኩል ከሆኑት መካከል አገልግሎቱ አጭር የሆነው፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ያነሰው መቅደሙን ይጠይቁ። የስድስት ዓመቱ ወጥቶ የስምንት ወሩ ከቀረ፣ ለምን ተብሎ መልስ ይፈለግለታል።

በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ከእነዚህ ጥበቃዎች አልወጣም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚያ ጊዜ «ብቁ አይደለም» ብሎ ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል፤ ብሔርን ምክንያት ማድረግ ግን ያኔም አይቻልም። ማስረዳቱ ስለሚከብድ ደብተሩ የበለጠ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ። «ይህን ከፈረምክ መልካም የሥራ ልምድ እንጽፍልሃለን» ይሉዎታል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ምንም ክፍያና ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ መብትዎ ነው። ክሊራንስ ሲጨርሱና ገንዘብ ሲቀበሉም «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚለውን መስመር ሰርዘው «የተቀበልኩት ቀሪ መብቴን ሳልተው ነው» ብለው ይጻፉ። አሠሪው ያልተካደውን ሒሳብ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። መብቱን በወረቀት አሳልፎ ከሰጠ ሰው ጋር ፍርድ ቤት መቆም ለጠበቃም ከባድ ነው።

ቀኖቹ

ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ኅዳር 5 የተሰናበተ ሰው የካቲት 5 ሳይደርስ ክሱን መዝገብ ቤት ማስገባት አለበት። ከስንብት የሚመነጩ ክፍያዎች ስድስት ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄም መከፈል ከነበረበት ቀን ስድስት ወር፣ ሌላው ሁሉ አንድ ዓመት ነው። የደመወዝ ልዩነት ላይ ይህ ምን ማለት መሰለዎ? ለሦስት ዓመት በብሔርዎ ምክንያት 800 ብር ሲጎድልብዎ ከኖረ፣ ዛሬ ሲከሱ የሚያገኙት የቅርቡን ስድስት ወር ነው። በየወሩ አንድ ወር ይሞትብዎታል።

ለመምሪያው በጽሑፍ የቀረበ አቤቱታ ይርጋውን ያቋርጣል፤ በቃል የተነገረ ግን አያቋርጥም። እኛ የምንመክረው አቤቱታው መምሪያው ዘንድ እያለም ሁለተኛው ወር ሳያልቅ ክሱን ማስገባት ነው። የአገር ሽማግሌ ገብቶ «ይቅር ተባባሉ» ሲባል ቀን መቁጠሩ አይቆምም። ዕርቁ መልካም ነው፤ መዝገቡ ተከፍቶም መታረቅ ይቻላል።

ክሱን ማዘጋጀት

ክሱ የሚቀርበው ሥራው ባለበት ወረዳ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ማመልከቻ ይጽፉልዎታል፤ ነገር ግን ፍሬ ነገሩን እርስዎ በቀን ቅደም ተከተል ጽፈው ይስጧቸው፣ አለዚያ ለሁሉም የሚጽፉትን ይደግሙልዎታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከል አለው፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለዎ ከራፖር ጸሐፊው በፊት እዚያ ይሂዱ።

መዝገብ የሚያበላሸው የመጀመሪያው ስህተት የተከሳሹ ስም ነው። በር ላይ የተሰቀለው የሆቴል ስም ብዙ ጊዜ የንግድ ስም ብቻ ነው፤ ፈቃዱ በግለሰብ ወይም በሌላ ስም ባለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ ወይም የደመወዝ ወረቀትዎን ይመልከቱ፤ ካልሆነ ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ይጠይቁ። በተሳሳተ ስም የተገኘ ፍርድ አይፈጸምም።

ክሱ ላይ በቅደም ተከተል የተከራካሪዎችን ስምና አድራሻ፣ የተቀጠሩበትን ቀን፣ የሥራ መደብና ደመወዝ፣ የሆነውን በተራ ቁጥር፣ የጣሰውን ድንጋጌ፣ የሚጠይቁትን ዳኝነትና የማስረጃ ዝርዝር ያስቀምጡ። መጨረሻ ላይ እውነትነቱን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጠው ይፈርሙ። የምስክሮች ስም፣ አድራሻና እያንዳንዳቸው የሚያስረዱት ነገር መጻፉን አይርሱ፤ ያልተዘረዘረ ምስክር በኋላ ማስገባት ያስቸግራል። አሠሪው እጅ ያለውን፣ ማለትም የፈረቃ ሠሌዳውን፣ የደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዡን፣ የባልደረባዎን የዲሲፕሊን ማህደር፣ እንዲያቀርብ ትእዛዝ ይጠይቁ።

ዳኝነቱን በአማራጭ ያድርጉት፦ «ወደ ሥራዬ እንዲመልሰኝና ውዝፍ ደመወዝ እንዲከፍለኝ፤ ይህ የማይቻል ከሆነ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያና የሥራ ስንብት ክፍያ እንዲከፍለኝ»። ምክንያቱ በአንቀጽ 26(2) ሥር የሚወድቅ ከሆነ አንቀጽ 43 አሠሪው ሠራተኛውን እንዲመልስ ግዴታ ይጥልበታል፤ ካሳ ይዞ መሄድ የእርስዎ ምርጫ ነው። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ግንኙነቱ ቢቀጥል ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ መመለስ ቢፈልጉም በካሳ ሊያሰናብትዎ ይችላል። ለመመለስ በእውነት ከፈለጉ፣ ችሎት ፊት ስለ አሠሪው የሚናገሩት ቃል ያንን በር እንዳይዘጋው ይጠንቀቁ።

ገንዘቡ በምሳሌ ይታይ። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ፣ አራት ዓመት ያገለገለ፣ አማካይ የቀን ደመወዙ 250 ብር፣ የወሩ 7,500 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። ካሳው የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ 45,000 ብር። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ 15,000 ብር። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት 30 እጥፍ፣ 7,500 ብር፤ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ 2,500 ብር፣ ሲደመር 7,500፤ በድምሩ 15,000 ብር። ሁሉም 75,000 ብር ይሆናል። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ካለ ይጨመራል። ወደ ሥራ ከተመለሰ ደግሞ እነዚህ ቀርተው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ በይግባኝ ከጸና እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ያገኛል። ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ካሳው እስከ ውሉ ማብቂያ ያለው ደመወዙ ነው፤ ከ180 ቀን ደመወዝ አይበልጥም።

ፍርድ ቤቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል፤ ቀጠሮ ሲረዝም ይህን በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም። ይግባኝ ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል።

መቆየት ካልቻሉ

ክብርዎ እየተረገጠ ሥራ ላይ መቆየት የማይችሉበት ቀን ሊመጣ ይችላል። በዝምታ ጥለው አይሂዱ፤ ከሥራ መቅረት ተብሎ በእርስዎ ላይ ይዞራል። አንቀጽ 32 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ወይም በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። መብቱ የሚሠራው ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ብቻ ነው። ምክንያቱንና ቀኑን ጽፈው ያስረክቡ፤ የሥራ ስንብት ክፍያና የቀን ደመወዝዎ 30 እጥፍ ካሳ ይገባዎታል። ከ180 ያነሰ በመሆኑ ትዕግሥት ካለዎ ሥራ ላይ ሆነው ቅሬታ ማቅረቡ ይሻላል።

ገና ላልተቀጠሩና ለውጭ ዜጎች

ለሥራ አመልካች መንገዱ ጠባብ ነው፤ የሥራ ውል ስለሌለው የሥራ ክርክር ችሎቱ ብዙ አይረዳውም። ማስታወቂያውን ከነቀኑና ከነማኅተሙ ፎቶ አንሥቶ፣ ያመለከተበትን ማስረጃ ይዞ ለመምሪያው ተቆጣጣሪና ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ላለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ይችላል። ኮሚሽኑ አቤቱታን በነፃ ይቀበላል፤ ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን አያይምና ቅደም ተከተሉን ያስቡበት።

በዳባት አለምዋጭ ያሉ ኤርትራውያንና በመተማ በኩል የገቡ ሱዳናውያን ስደተኞች በስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብት አላቸው። አሠሪ የሥራ ፈቃድ ሰነድ መጠየቁ አድልዎ አይባልም። ፈቃድ ኖሮት ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን በዜግነቱ ወይም በቀለሙ ምክንያት ለተመሳሳይ ሥራ አነስ ያለ ደመወዝ መክፈል ከአንቀጽ 14 ጋር ይጋጫል።

ስድቡ በራሱ ወንጀል ሲሆን

ሰውን በብሔሩ መስደብ በወንጀል ሕጉ በግል አቤቱታ ያስከስሳል፤ አቤቱታው ድርጊቱና ፈጻሚው በታወቀ በሦስት ወር ውስጥ ለፖሊስ መቅረብ አለበት። በቴሌግራም፣ በፌስቡክ ወይም በመሰል መገናኛ በብሔር፣ በዘር፣ በሃይማኖት ላይ ጥላቻን ወይም መድልዎን ሆን ብሎ የሚያነሳሳ መልእክት ያሰራጨ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። የወንጀሉ መዝገብ ከሥራ ክርክሩ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። «የወንጀሉ ይለቅ» ብለው የሥራውን ክስ ካዘገዩት ሦስቱ ወር ያልፋል።

ተፈርዶልዎ አሠሪው ካልከፈለ ወይም ካልመለሰዎ፣ የውሳኔውን ግልባጭ አስመትተው ለወሰነው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ። ወደ ሥራ ይመለስ ከተባለ በማግስቱ ከሁለት ሰው ጋር በሥራ ሰዓት መግቢያ በር ላይ ይገኙ፤ ጥበቃው ካላስገባዎ ሰዓቱን፣ የተባሉትንና የምስክሮቹን ስም በዚያው ደብተር ላይ ይጻፉ። ለአፈጻጸሙ ችሎት የሚያስፈልገው ማስረጃ ይህ ነው።